ስለ ርካሽ ጉልበት ለምትከራከሩ፦ ከየት ትጀምራላችሁ?

በሐዋሳ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ የክርክር ክበቡንም የማስተባብረው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ሳይወጣ የማይቀር አንድ ርዕስ አለን፦ «በድሃ አገሮች ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፍሉ ፋብሪካዎች ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝናል።» ሌላ ከተማ ቢሆን ተማሪው ርዕሱን ከመጽሐፍ አንብቦ ይመጣል። እዚህ ግን የአንዱ እህት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ የሌላው ወላጆች ለሰፊዎቹ ቤት ያከራያሉ። እናቴም ከግቢያችን ጀርባ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች ለፓርኩ ልጆች ታከራያለች። ይህን የምናገረው ጥቅሜን ቀድሜ ላሳውቅ ብዬ ነው፤ ተከራካሪም እንዲሁ ቢያደርግ እመክራለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ለተማሪዎቼ በቃል የምነግራቸው ነው። ክበብ ለሌላችሁም፣ ቡና ላይ ይኸው ክርክር ለሚገጥማችሁ፣ ይጠቅም ይሆናል።

ሳይዘጋጅ የመጣ ተከራካሪ ከሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ይዞ ይነሳል። ደጋፊው (የርዕሱን ሳይሆን የፋብሪካውን ደጋፊ ማለቴ ነው፤ ተቃዋሚውም እንዲሁ) «ፋብሪካው ባይኖር ይራቡ ነበር» ይላል። ተቃዋሚው «ፋብሪካው ባይኖር ይማሩ ነበር» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስላላዩት ኑሮ ነው፤ ሁለቱም ያንን ኑሮ ለክርክራቸው እንዲመች አድርገው ሠርተውታል። ከዝግጅታችሁ አብዛኛው ይህን ያልታየ ኑሮ ፈልጎ ማግኘትና በብር፣ በሰዓት፣ በጤና መጻፍ ነው።

ሕፃናቱንና ደመወዙን አትደባልቁ

ርዕሱን ስታገኙ መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት፦ የሕፃናት ሥራ አንድ ጉዳይ ነው፣ የአዋቂዎች ዝቅተኛ ደመወዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ፖስተር ላይ የምናያት ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠች ሕፃን ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍታ ታቀርብልናለች። ቁጥሩን ስታዩ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ግምት በ2024 በዓለም ላይ 138 ሚሊዮን ሕፃናት በጉልበት ሥራ ላይ ነበሩ፤ ከነሱ 54 ሚሊዮኑ አደገኛ ሥራ ላይ። 61 በመቶው ግን በእርሻ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወደ 16 ሚሊዮን ልጆችን ሲቆጥር፣ እጅግ የሚበዙት ከብት ጠባቂና እርሻ ላይ ያሉ ናቸው። ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ውስጥ ያለችው ልጅ ከዚህ ሁሉ ትንሿ ቁራሽ ነች።

ከእርሻ ውጭ ያለውን ማየት ከፈለጋችሁ ሽሮ ሜዳን አስቡ። ከጋሞ ደጋ «ትማራለህ» ተብለው የመጡ ወንዶች ልጆች የሸማኔ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው የሚውሉበት ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል። ያ ጥበብ አሜሪካ ሱቅ አይደርስም ማለት አይደለም፤ ዲሲ ያሉ ዘመዶቻችን ለፋሲካ የሚለብሱት ከዚያው ሰፈር ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ማንም «ጥበብ አንግዛ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ተቃዋሚ ቡድን ከሆናችሁ ይህን ጥያቄ ሌላው ቡድን ሳያነሳባችሁ ራሳችሁ አንሱት።

ሕጉንም በቃላችሁ ያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የመቀጠሪያ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ነው፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም፣ ትርፍ ሰዓትም የለውም። ልብ በሉ፦ ሕጉ የሚይዘው የሥራ ውል ያለውን ነው። አክስቷ ቤት «እየተማረች» እንጀራ የምትጋግረውን የ12 ዓመት ልጅ፣ ከብት የሚጠብቀውን፣ የሸማኔውን ልጅ አያገኛቸውም። «ሕፃናቱን ለማዳን ፋብሪካው ይዘጋ» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የትኞቹን?

ሌላውን ኑሮ በብር ጻፉት

አሁን ወደ አዋቂዎቹ። ክበባችን ውስጥ አንድ ልማድ አለ። የ18 ዓመት ልጅ ታስባላችሁ፤ ከሲዳማ ገጠር የመጣች፣ 10ኛ ክፍል የጨረሰች፣ ከተማ ውስጥ አንዲት ዘመድ ያለቻት። ከዚያ ያሏትን መንገዶች ሁሉ ወረቀት ላይ ትዘረዝራላችሁ፦ ፋብሪካው፣ ጀበና ቡና፣ ሰው ቤት መግባት፣ አረብ አገር፣ ወደ ቤተሰብ መመለስ። ለእያንዳንዱ በወር እጇ ላይ የሚቀረውን ብር፣ የምትሠራበትን ሰዓት፣ የት አድራ ምን እንደምትበላ፣ ምን ሊደርስባት እንደሚችል ትጽፋላችሁ።

ቀላል ይመስላል። ተማሪዎቼ ግን ሁልጊዜ የሚወድቁት ጀበና ቡና ላይ ነው። «ትርፋማ ነው» ብለው ያልፉታል። ጀበናው፣ ስኒው፣ ከሰሉ፣ በርጩማዎቹ፣ ለመነሻ የሚሆን ቡናና ስኳር ከየት መጣ? ቦታውስ የማን ነው? ዝናብ ሲመጣ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ፣ ሦስተኛዋ ልጅ አጠገቧ ጀበና ስትጥድ? ሰው ቤት መግባትን ደግሞ «ደመወዙ ትንሽ ነው» ብለው ይንቁታል፤ መኝታና ምግብ ግን በውስጡ አለ፣ ስለዚህ እጅ ላይ የሚቀረው ከፋብሪካው ሊበልጥ ይችላል። በምትኩ የዕረፍት ቀን የለም፣ በር ይቆለፋል፣ ምስክር የለም። አረብ አገር በወር የሚገኘው ገንዘብ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከዚያ ላይ የደላላው ዕዳ ይነሳል፣ ፓስፖርቱን አሠሪዋ ትይዘዋለች፣ አሠሪ ልቀይር ብትል ሠራተኛን ከአንድ አሠሪ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት መውጫው ጠባብ ነው። ወደ ቤተሰብ መመለስን ደግሞ ጨርሶ የሚረሱት አሉ፤ ለብዙዋ ልጅ እሱ ማለት ትዳር ማለት ነው፣ ያውም ባልመረጠችው ጊዜ።

ይህን ወረቀት የሠራ ተማሪ «ይራቡ ነበር» ወይም «ይማሩ ነበር» ሲል አልሰማሁም። የሚለው «እገሊት ከዚህ ይልቅ ያንን ብትመርጥ አይገርመኝም» ነው፤ ክርክር የሚጀምረውም ያኔ ነው።

አንድ ጥናት እስከ መጨረሻው እወቁ

አሥር ጥናት ጠቅሶ አንዱንም የማያውቅ ተከራካሪ ከጥያቄ ሰዓት አያልፍም። አንዱን ብቻ በደንብ እወቁ፤ ለእኛ የሚቀርበው የክሪስቶፈር ብላትማንና የስቴፋን ደርኮን ነው፤ የተሠራው እዚሁ ኢትዮጵያ ነውና።

ተመራማሪዎቹ አምስት ድርጅቶችን አግባቡ። ድርጅቶቹ ከሚፈልጉት ሠራተኛ በላይ አመልካች ነበራቸው፤ ስለዚህ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አመልካቾችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ምድብ ሥራውን አገኘ። ሁለተኛው ሥራውን ሳይሆን ወደ 300 ዶላር የሚሆን ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም፣ ራሱ እንደሚሆነው ሆነ። ዕጣ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ «ጎበዞቹ ፋብሪካ ስለገቡ ነው» ወይም «የቸገራቸው ስለገቡ ነው» የሚለውን ሰበብ ይዘጋል። ያልታየውን ኑሮ የምናየው በሦስተኛው ምድብ ነው።

በዓመቱ ምን ተገኘ? ሥራ ካገኙት ሲሶዎቹ በመጀመሪያው ወር ለቀዋል፤ ዓመቱ ሲሞላ ከአራቱ ሦስቱ ያህል እዚያ የሉም። ፋብሪካው የሥራ ሰዓቱን አብዝቶ ነበር እንጂ ገቢያቸው ምንም ካላገኘው ምድብ አልበለጠም። ከባድ የጤና ችግር የመግጠም ዕድላቸው ደግሞ በእጥፍ ጨምሯል። ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በሲሶ ያህል ከፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከዚህ የተለየ ውጤት ጠብቀው እንደነበር በይፋ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው ቡድን ወረቀቱን አጥፎ ይቀመጣል። አትቀመጡ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ጠይቀዋል። ልዩነቱ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ገንዘብ ያገኙትም፣ ፋብሪካ የገቡትም፣ ምንም ያላገኙትም በገቢ ተመሳስለዋል። ይህንን ካልተናገራችሁት ደጋፊው ይናገረዋል፣ እናንተም ግማሹን የደበቃችሁ ትመስላላችሁ።

እኔ ከጥናቱ የምወስደው ይህ ነው፦ እነዚህ ወጣቶች ያለ ፋብሪካው የሚሞቱ አልነበሩም፣ በፋብሪካውም አልበለጸጉም። ፋብሪካው ሌላ እስኪገኝ የሚጠጉበት ጥግ ነበር። እናቴ ግቢ የማየውም ይኸው ነው፤ ክፍል ውስጥ አራት ልጆች ይገባሉ፣ ክረምት ሲመጣ ከአራቱ ሁለቱ አዲስ ፊት ናቸው። ግን አምስት ድርጅትና አንድ አገር ነው። ሌላ አገር ላይ ሌላ መልስ ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይም አለ።

ለምሳሌ ባንግላዴሽ። ሬቸል ሂዝና ሙሽፊቅ ሞባረክ ልብስ ፋብሪካ በቅርብ ያላቸውን መንደሮች ከሌላቸው ጋር አነጻጽረው፣ ፋብሪካ አጠገብ ያደጉ ሴት ልጆች ትዳርንና ልጅ መውለድን እንደሚያዘገዩ፣ ትምህርት ላይም ብዙ እንደሚቆዩ አገኙ። ለደጋፊው ቡድን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ተቃዋሚው ደግሞ ሜክሲኮን ያምጣ። ዴቪድ አትኪን እንዳገኘው ወደ ውጭ የሚልኩ ፋብሪካዎች በተስፋፉበት ዘመን በየ25ቱ አዲስ የሥራ ቦታ አንድ ተማሪ እስከ 12ኛ በመቀጠል ፋንታ 9ኛ ክፍል ላይ አቋርጧል። አንዱ አገር ፋብሪካው ተማሪ ያቆያል፣ ሌላው አገር ያስወጣል። ለምን? ፋብሪካው ለማንበብና ለመቁጠር ዋጋ ከሰጠ ወላጅ ልጁን ያስተምራል፤ ምንም ካልጠየቀና ሥራው በር ላይ ከቆመ፣ ጎረምሳው ቦርሳውን ጥሎ ይሄዳል። እናንተ ከተማ ያለው ፋብሪካ ስንተኛ ክፍል እንደሚጠይቅ ቅጥር ማስታወቂያው ላይ አንብባችሁ ኑ።

ደመወዙን በሰዓት አካፍሉት

26 ዶላር። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና ሰብአዊ መብት ማዕከል የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር ይህ ነው፣ በዓለምም ዝቅተኛው ነው ብሎ ጻፈ። ባንግላዴሽ 95 ነበር፣ ኬንያ 207። ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር የማይጠቀስበት ክርክር የለም። ስትጠቅሱት አራት ነገር አስታውሱ።

ቁጥሩ የ2019 ነው፤ የዘንድሮ አስመስላችሁ አታቅርቡት። በብር 750 ያህል ነበር፤ ለክርክር የሚሻለው ብሩ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ተነስቶ ከ100 ብር አለፈ፤ በዶላር ስትቆጥሩት የልጅቷ ደመወዝ በግማሽ ገደማ ወረደ፣ ቁርሷ ግን በዚያው ሳምንት በግማሽ አልቀነሰም። በዶላር የሚቆጥረው ገዢው ነው፤ እሷ የምትበላው በብር ነው።

ሁለተኛ፣ በሰዓት አካፍሉት። በሳምንት 48 ሰዓት ማለት በወር 208 ሰዓት ያህል ነው፤ 750 ብር ለዚያ ሲካፈል በሰዓት 3 ብር ከ60 ሳንቲም። ትርፍ ሰዓት በቀን በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 5 ብር ከ40። በአዋጁ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ አንዷ «በኦቨርታይም ደህና አገኛለሁ» ስትላችሁ ጣሪያው የት እንደሆነ ማስላት ትችላላችሁ። 12 ሰዓት በሳምንት፣ በወር 52 ሰዓት ያህል፣ 281 ብር ገደማ። ከዚያ በላይ አገኘሁ ካለች ወይ ሌሊት ወይም በበዓልና በዕረፍት ቀን ሠርታለች፣ ወይ ታርጌት አልፋ ቦነስ አግኝታለች፣ ወይ ሕጉ ተጥሷል። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ መነሻ ደመወዝ የሚከፈለው ሁሉ አይደለም። ምሳ፣ ሰርቪስ አውቶቡስ፣ ቀን ሳይቀር ለመጣ የሚሰጥ ጉርሻ አለ። ደጋፊው ይህን መጥራት አለበት። ተቃዋሚው ደግሞ ጉርሻው አንድ ቀን በመታመም እንደሚቀር ይጨምርበት።

አራተኛው ኪራይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ የቤቴ ጉዳይ ስለሆነ። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሲሞላ 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ ነበር። ለ60 ሺህ ሰው መኝታ ግን አብሮ አልተሠራም። ልጆቹ ከገጠር ሲመጡ ያገኙት የእኛን ዓይነት ግቢዎች ነው። በ750 ብር ዘመን እናቴ አንዱን ክፍል 800 ታከራይ ነበር፤ አንዲት ልጅ ብቻዋን ልትይዘው አትችልም፣ ለአራት ግን 200፣ 200 ይደርሳቸዋል። ፋብሪካዎቹ ደመወዝ ጨመሩ የተባለ ወር እናቴም፣ ጎረቤታችንም፣ ከማዶ ያሉትም ኪራይ ጨመሩ። ማንም አልተመካከረም። ተማሪዎቼን «የደመወዝ ጭማሪው ለማን ደረሰ?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ «ለአከራይ ልጆች» ሆኖ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ግማሾቹ እነሱ ራሳቸው ናቸው። «ደመወዝ ይጨመር» የሚል ቡድን ስለ ቤት አንድ ነገር ካላለ ገንዘቡን ለእኛ እያስተላለፈ ነው።

የኒው ዮርኩ ጥናት ሌላም ቁጥር ነበረው፤ ከ26ቱ ይልቅ የሚገርመኝ እሱ ነው። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይቀይሩ ነበር። አንዲትን ልጅ ስፌት ለማስተማር ወራት ይፈጃል፤ ስትለምድ ትለቃለች። ታዲያ ጥቂት ጨምሮ ማቆየት አይሻልም ወይ? ይህን ጥያቄ ለደጋፊው ቡድን አቅርቡ። መልሱ ላይ የአን ሃሪሰንና የጄሰን ስኮርስ የኢንዶኔዥያ ጥናት ይረዳችኋል፦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ አገር ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) እንደ ናይኪና አዲዳስ ላሉት በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ላይ ዘመቻ ሲደረግ የሠራተኛው ደመወዝ ከፍ ብሏል፣ የሥራ ቦታው ግን ጎልቶ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ትርፍ ነው፣ ጥቂት ትናንሽ ፋብሪካዎችም ተዘግተዋል። ደጋፊው ሊመልስ የሚችለው ደግሞ ኢንዶኔዥያ ያኔ የሠለጠነ ሠራተኛና ቅርብ ወደብ እንደነበራት፣ የእኛ ኮንቴይነር ግን ጅቡቲ እስኪደርስ ወጪው ምን ያህል እንደሚቆለል ነው። ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ለመነሻ ደመወዙ መልስ እንጂ ለመልቀቁ መልስ አይደለም።

እገዳ ሲነሳ

«አንግዛቸው»፣ «ይታገዱ» የሚል ሐሳብ ሳይነሳ ክርክሩ አያልቅም። እዚህ ላይ የባንግላዴሽን የ1990ዎቹ ታሪክ በቅደም ተከተል እወቁ። አሜሪካዊው ሴናተር ቶም ሃርኪን በሕፃናት የተሠራ ዕቃ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል ረቂቅ አቀረቡ። ረቂቁ ሕግ ሆኖ አልጸደቀም። የዳካ ፋብሪካ ባለቤቶች ግን ፈርተው ሕፃናቱን ማባረር ጀመሩ፤ ዩኒሴፍ በኋላ የተባረሩት 50 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል። የተባረሩትን ተከትለው የሄዱ ሰዎች ልጆቹን ያገኟቸው ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ድንጋይ ሲፈልጡ፣ መንገድ ላይ ሲነግዱ፣ ከዚያም በከፋ ሥራ ላይ ነው። በ1995 የፋብሪካ ባለቤቶቹ ማኅበር፣ ዩኒሴፍና የዓለም የሥራ ድርጅት ተፈራረሙ፦ የትምህርት ቦታና ወርሃዊ ድጎማ ሳይዘጋጅ ልጅ አይባረርም፣ አዲስ ልጅም አይቀጠርም።

ከታሪኩ ግማሹን የሚወስዱ አሉ። ደጋፊው እስከ ድንጋይ ፈለጣው ነግሮ ያቆማል፤ ስምምነቱን አይጠራውም። ተቃዋሚው ስምምነቱን ብቻ ይጠራል።

የሕንዱን አትርሱ። በ1986 የወጣው የሕፃናት ሥራ ሕግ ከ14 ዓመት በታች ያሉትን ከተወሰኑ ሥራዎች አገደ። በኋላ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው የሕፃናቱ ክፍያ ወረደ፣ ቤተሰቡም ያንኑ ዳቦ ለመግዛት ሌላውን ልጅ ጭምር ወደ ሥራ ላከ። ከዚህ ተነስታችሁ «ሕግ አይጠቅምም» አትበሉ። ካውሺክ ባሱና ፋም ሆአንግ ቫን በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ነው የሚጠቅመው፦ ወላጅ ልጁን ወደ ሥራ የሚልከው የራሱ ገቢ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ልጆች ሁሉ ከገበያው ቢወጡ የአዋቂው ጉልበት ይወደዳል፣ ወላጁም ልጁን መላክ አያስፈልገውም። እንዲህ ሲሆን እገዳ ይሠራል፣ ያውም ራሱን ችሎ ይቆማል። የአዋቂው ደመወዝ ከተወደደም በኋላ ቤቱን ካልቀለበ ግን፣ ወይም እገዳው አንዱን ዘርፍ ብቻ ከነካ፣ ልጁ በሌላ በር ይገባል። እገዳን የሚደግፍ ቡድን ከነዚህ የትኛው ላይ እንደቆመ ይናገር።

ያለ እገዳ የሕፃናት ሥራ የወረደበትም አለ። ቬትናም በ1990ዎቹ ሩዝ ወደ ውጭ መላክን ስታላላ የሩዝ ዋጋ ከሌላው ዕቃ በላይ በ30 በመቶ ያህል ከፍ አለ። ኤሪክ ኤድመንድስና ኒና ፓቭችኒክ እንዳሰሉት በገጠር ልጆች ሥራ ላይ ከታየው መቀነስ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የመጣው ከዚህ ነው። ልጆች ማሳ ላይ የበለጠ ሊከፈላቸው ይችል ነበር፤ ወላጆች ግን ገንዘቡ ሲገባ ልጆቹን አወጧቸው። ቡና የሚሸጥ ቤተሰብ ካላችሁ ነገሩን ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

ለእኛ ከተማ የቅርቡ ምሳሌ አጎዋ ነው፤ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ሕግ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉ አስወጣች። ከፓርኩ ቀደምት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ፒቪኤች ከዚያ በፊት፣ በኅዳር፣ መውጣቱን አስታወቀ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የዚህ ክርክር ጉዳይ አይደለም፤ ዳኛ ፊት ወደ ፖለቲካው ከገባችሁ ሰዓታችሁ እዚያው ያልቃል። ለክርክሩ የሚጠቅመው የተቀነሱት ልጆች የት ሄዱ የሚለው ነው። ያልታየው ኑሮ በዚያ ዓመት ታየ። እኛ ግቢ ከነበሩት አንዷ ጀበና ጣደች፣ አንዷ ወደ ቤተሰቧ ሄደች፣ አንዷ ቤይሩት ናት። ሦስት ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ይጠቁማል።

«እንግሊዝም በዚህ አልፋለች»

ይህን ዓረፍተ ነገር ክበቤ ውስጥ አልከለከልኩም፤ ብከለክል ደስ ይለኝ ነበር። ሲመጣባችሁ «እንዴት አለፈች?» በሉ። እንግሊዝ ዝም ብላ ጠብቃ አላለፈችም። የ1833ቱ የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አግዶ፣ የሚያስፈጽሙ ተቆጣጣሪዎችን ሾመ፤ ለመላው አገር አራት ብቻ ነበሩ፣ ግን ነበሩ። ባለፋብሪካዎቹም ያኔ «እንከስራለን» ብለው ነበር። ደጋፊው ቡድን ገቢ ሲያድግ የሕፃናት ሥራ ይቀንሳል ማለቱ ልክ ነው። ሕጉም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ማኅበሩም ከዕድገቱ ጋር አብረው እንደመጡ ግን ይጨምር።

ደኅንነትን ከደመወዝ ጋር አንድ ላይ አትመዝኑት። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ራና ፕላዛ ሲደረመስ 1,134 ሰው ሞተ። ስንጥቁ የታየው በዋዜማው ነበር፤ ሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ተደረገ። «ፈቅደው ገብተዋል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ያበቃል፤ ስንጥቁን የሚያውቀው አንዱ ወገን ከሆነ፣ ወይም ያልገባ ደመወዙ የሚቀርበት ከሆነ፣ ፈቃዱ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው?

ሰው ስትጠይቁና መድረክ ስትወጡ

ወገናችሁን በዕጣ ምረጡ። ራሱ የመረጠ ተማሪ የሚወደውን ብቻ ያነባል።

ሠራተኛ ስትጠይቁ ፓርኩ በር ላይ አታድርጉት፤ ሱፐርቫይዘር ያያል። እሑድ ከሰዓት፣ ልብስ እያጠቡ፣ ቤታቸው። «ተበዝብዘሻል ወይ?» አትበሏት፤ ማንም ልጅ ለማታውቀው ተማሪ «አዎ» ብላ ራሷን አታዋርድም። «ባለፈው ወር ስንት ደረሰሽ? ስንቱን ላክሽ? ከመግባትሽ በፊት ምን ትሠሪ ነበር? ብትለቂ ሰኞ ጠዋት የት ትሄጃለሽ?» በሉ። ስሟን አትጻፉ፣ የፋብሪካዋንም ስም አትጻፉ፤ መድረክ ላይም አትጥሩት። ለጊዜዋ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ብትሄዱ ያምራል።

ዳኞች መጨረሻ ላይ የሚወዱት ጥያቄ አለ፦ «ሚኒስትር ብትሆኑ ዝቅተኛውን ደመወዝ ስንት ታደርጉታላችሁ?» አዋጅ 1156 የደመወዝ ወለልን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራልና ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አይደለም። «በቂ የሆነ»፣ «ሰብአዊ ክብርን የጠበቀ» ብላችሁ አታምልጡ። በብር ተናገሩ። የስንት ዓመተ ምሕረት ብር እንደሆነ፣ በሰዓት ስንት እንደሚመጣ፣ ከውስጡ ለኪራይ ስንት እንደያዛችሁ፣ በዚያ ዋጋ የትኛው ፋብሪካ ሊወጣ እንደሚችልና ለሚቀነሱት ምን እንዳሰባችሁ ጨምሩ። ቁጥር የማይሰጥ ቡድን ላይ ዳኛው ነጥብ ይቀንሳል፤ ዳኛው ባይቀንስ እኔ እቀንሳለሁ።